በግድፈቱ የሚታወቅ መጽሐፍ

በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው የቻርልስ ስክሪብነርስ ሰንስ አሳታሚ ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 10 ቀን 1925 አንድ መጠነኛ ልብ ወለድ ለገበያ አቀረበ። ደራሲው በዚያን ጊዜ የ28 ዓመት ሰው የነበረው ስኮት ፊትዝጀራልድ ሲሆን፣ የመጽሐፉም ርእስ «ታላቁ ጋትስቢ» ነበር። ዋጋው 2 ዶላር፣ የታተመውም ቅጂ ብዛት 20,870 ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር 3,000 ቅጂዎች ተጨምረው ታተሙ። ደራሲው የጠበቀው ገበያ ግን አልመጣለትም፤ በዲሴምበር 1940 ሲሞት ከነዚያ ከተጨመሩት ቅጂዎች ገና ያልተሸጡ በአሳታሚው መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ይገኙ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ 20,870 ቅጂዎች አንዱ፣ ተደራቢው የወረቀት ሽፋን ሳይለየው ከተገኘ፣ ከአንድ መቶ ሺሕ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። በኦገስት የታተመው ቅጂ ግን የዚህን ገንዘብ ጥቂት ክፍል እንኳ አያወጣም። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢቀመጡ የርእስ ገጻቸው አንድ ነው፤ የታተሙበት ዓመት አንድ ነው፤ የጨርቁ ቀለምና የጥራዙ አሠራር አንድ ነው። «ይህ የመጀመሪያው ኅትመት ነው» ወይም «ይህ ሁለተኛው ነው» የሚል ቃል በአንዱም ላይ አይገኝም። ታዲያ ገዢው በምን ይለየው? መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ በሚገኙ ስድስት ቦታዎች ላይ ተጽፎአል።

በገጽ 60 ላይ በመጀመሪያው ኅትመት «ቻተር» ማለትም ልፍለፋ የሚል ቃል ይገኛል፤ በሁለተኛው ኅትመት ይህ ቃል ተነሥቶ «ኤኮላሊያ» የሚል፣ የሌላውን ንግግር እንደ በቀቀን መድገም ማለት የሆነ ከበድ ያለ ቃል ተተክቶበታል። በገጽ 119 «ሰሜናዊ» የነበረው «ደቡባዊ» ሆኖአል። በገጽ 165 ያለ ቦታው የገባ የአፖስትሮፍ ምልክት ተነሥቶአል፤ በዚያው ገጽ ግርጌ አካባቢም ተዘንግቶ የቀረ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ነጥብ ገብቶአል። በገጽ 205 አንዲት ገጸ ባሕርይ ስትናገር «ሲክ ኢን ታይርድ» ተብሎ ተለያይቶ ትርጉም ያጣው ንግግር፣ ሰዎች በአፋቸው እንደሚሉት ተገጣጥሞ አንድ ቃል ሆኖአል። በገጽ 211 ደግሞ «ዩኒየን ስትሪት ጣቢያ» የተባለው የባቡር ጣቢያ «ዩኒየን ጣቢያ» ተብሎ ታርሞአል። ከስድስቱ ገሚሶቹ የፊደል ለቃሚ ስሕተት ሲሆኑ፣ ገሚሶቹ የደራሲው የሐሳብ ለውጥ ናቸው። ለሰብሳቢው ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልታረመውን ነው። አሳታሚ በኀፍረት ያረመውን ጉድለት ሌላው ሰው ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ አግኝቶ እንደ ወርቅ ማኅተም ይቆጥረዋል።

ይህ ነገር ለመሐንዲስ እንግዳ ሊሆን አይገባም። መጽሐፍ በፋብሪካ የሚመረት ዕቃ ነው፤ የመጀመሪያውን እትም መለየትም አንድ የተመረተ ዕቃ ከየትኛው የምርት ዙር እንደ ወጣ መመርመር ማለት ነው። ችግሩ አምራቹ በዕቃው ላይ የምርት ቁጥር ሳይመታበት መቅረቱ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የመጽሐፍ አጥኚዎች ዘንድ አንድ እትም ማለት ከአንድ የፊደል ድርደራ የተገኙት ቅጂዎች ሁሉ ናቸው። ፊደሉ እስካልፈረሰና እንደ ገና እስካልተደረደረ ድረስ ማተሚያው አሥር ጊዜ ቆሞ አሥር ጊዜ ቢነሣ እትሙ ያው አንድ ነው። ማተሚያው በተነሣ ቍጥር የሚወጣው ቅጂ ግን አንድ ኅትመት ይባላል። ከዚህም ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ኅትመት መካከል ማተሚያው ቆሞ አንድ ፊደል ቢታረም፣ ከእርማቱ በፊትና በኋላ የወጡት ቅጂዎች በሁኔታ ይለያያሉ ይባላል። ፍሬድሰን ባወርስ በ1949 ባሳተመው ታላቅ የመጽሐፍ አገላለጽ መመሪያ ይህን ሥርዓት በጥብቅ አስፍሮታል፤ ጆን ካርተርም በ1952 ለመጽሐፍ ሰብሳቢዎች ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት ለማንም እንዲገባ አድርጎ አብራርቶታል። በገበያ ቋንቋ ግን «የመጀመሪያ እትም» ሲባል የመጀመሪያው እትም የመጀመሪያ ኅትመት ማለት ነው። በአማርኛ «እትም» የሚለው ቃል ለሁለቱም ስለሚያገለግል ግራ መጋባቱ የባሰ ይሆናል፤ «ሦስተኛ እትም» የተባለ መጽሐፍ አንድም ነጥብ ሳይለወጥ ሦስተኛ ጊዜ የታተመ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ግድፈቶቹ እንዴት እንደሚወለዱ ለመረዳት የዘመኑን የኅትመት አሠራር ማስታወስ ይገባል። ከ1886 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሊኖታይፕ መኪና ፊደልን አንድ በአንድ መልቀምን አስቀርቶ ሙሉ መሥመርን በአንድ የእርሳስ ዘንግ ቀልጦ እንዲወጣ አደረገ። ፍጥነቱ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን በመሥመሩ ውስጥ አንድ ፊደል ለማረም መሥመሩን በሙሉ እንደ ገና መምታትና ማቅለጥ ግድ ስለሆነ፣ አንድ ስሕተት ሲታረም በዚያው መሥመር ሌላ አዲስ ስሕተት የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነበር። የፊደሉ ገጽ ከተዘጋጀ በኋላ ብዙ ቅጂ የሚጠበቅበት መጽሐፍ ከሆነ፣ ከገጹ ላይ ቅርጽ ተወስዶ በኤሌክትሪክ ኃይል መዳብ እየተለበሰ ፕሌት ይሠራለታል። ፊደሉ ይፈርሳል፤ ፕሌቱ ለሚቀጥለው ኅትመት ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ እርማት የብረት ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ ስሕተቱ ያለበት ክፍል ከፕሌቱ ላይ ተቆርጦ ይወጣና የታረመው ቁራጭ በቦታው ይበየዳል። አዲሱ ቃል ከአሮጌው የረዘመ እንደ ሆነ ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ፕሌት ላይ የሚደረግ እርማት ጥቂትና አስገዳጅ የሆነ ብቻ ነው። የ«ታላቁ ጋትስቢ» ስድስት ልዩነቶች ስድስት ብቻ መሆናቸው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

የምርት ቁጥር የመምታት ልማድ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ስክሪብነርስ ከ1930 ጀምሮ በመጀመሪያው ኅትመት የርእሱ ገጽ ጀርባ ላይ «ኤ» የሚለውን ፊደል ማኖር ጀመረ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ብዙ አሳታሚዎች ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች በአንድ መሥመር ደርድረው ማተም ልማድ አደረጉ። ሁለተኛው ኅትመት ሲመጣ 1 ይነሣል፤ ሦስተኛው ሲመጣ 2 ይነሣል፤ ከቀሩት ሁሉ የሚያንሰው ቁጥር ኅትመቱን ይናገራል። የዚህ አሠራር ብልሃት ከአንድ ቀላል የፋብሪካ እውነት የመነጨ ነው፤ በፕሌት ላይ አዲስ ቁጥር መጨመር ብየዳ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ያለውን ቁጥር ፍቆ ማጥፋት ግን የአፍታ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን በቃሉ የያዘ ሁሉ አይድንበትም። ራንደም ሐውስ የተባለው ታላቅ አሳታሚ ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያውን ኅትመት «የመጀመሪያ እትም» በሚል ቃል እያስታወቀ የቁጥሩን መሥመር ግን ከ2 ይጀምር ነበር፤ በሁለተኛው ኅትመት የሚነሣው ቃሉ እንጂ ቁጥሩ አልነበረም። በዚህ ምክንያት 1 ቁጥርን ያጣ አዲስ ሰብሳቢ እውነተኛውን የመጀመሪያ ኅትመት ንቆ ትቶት ይሄዳል።

ሌላው ወጥመድ የመጽሐፍ ክበብ ቅጂ ነው። በአሜሪካ በ1926 የወሩ መጽሐፍ ክበብ ከተቋቋመ ወዲህ በየወሩ መጽሐፍ በፖስታ ለአባሎች መላክ ታላቅ ንግድ ሆነ። የክበቡ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከአሳታሚው ፕሌት ላይ ስለሚታተም የመጀመሪያውን ኅትመት ምልክት ሳይቀር ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የሚለየው ግን ለእጅ ቀለል በሚለው ወረቀቱ፣ ዋጋ በማይጻፍበት ሽፋኑና አንዳንድ ጊዜ በኋላ ጀርባው ታችኛ ማእዘን ላይ በምትገኝ ትንሽ የተጠቀጠቀች ምልክት ነው። ይህችን ምልክት ዓይን ቢስታት ጣት አይስታትም።

ስለ ሄሚንግዌይም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በኦክቶበር 1926 በ5,090 ቅጂዎች የታተመው «ፀሐይም ትወጣለች» የሚለው ልብ ወለዱ በገጽ 181 ላይ «ስቶፕድ» የሚለውን ቃል ሁለት «ፒ» በሚገባው ፈንታ በሦስት «ፒ» ይዞ ወጣ። በሽፋኑም ላይ ቀደም ሲል ያሳተመው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ርእስ በነጠላ መሆን ሲገባው በብዙ ቍጥር ተጽፎ ተገኘ። በ1929 የወጣው «ስንብት ለጦር መሣሪያ» ደግሞ የሚታወቅበት በስሕተት ሳይሆን በጉድለት ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሕይወት ያሉ ሰዎች አይደሉም የሚለው የጥንቃቄ ማስታወቂያ በመጀመሪያው ኅትመት ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ ገባ።

ከሁሉ በላይ ዋጋን የሚወስነው ተደራቢው የወረቀት ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን የተሠራው ጨርቁን ከአቧራ ለመጠበቅ ስለሆነ፣ ገዢዎች መጽሐፉን ቤታቸው እንዳደረሱ ገፍፈው ይጥሉት ነበር፤ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍትም ሳይቀሩ እንዲሁ አድርገዋል። በመሆኑም ዛሬ መጽሐፉ ተገኝቶ ሽፋኑ የሚጠፋበት ጊዜ ይበዛል። በፍራንሲስ ኩጋት የተሣለው የ«ታላቁ ጋትስቢ» ሽፋን፣ በጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ላይ የተንሳፈፉ የሴት ዓይኖችን የሚያሳየው፣ ከመጽሐፉ ጥቂት ስለሚረዝም ጠርዙ ቶሎ እየተበጣጠሰ ይወድቅ ነበር። በዚህ ሽፋን ጀርባ ላይ የባለታሪኩ ስም በትንሹ «ጄ» ተጀምሮ ታተመ። የላቲን ጽሕፈት የተጸውዖ ስምን በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ስለሚያስገድድ ስሕተቱ ጎልቶ ታየ፤ አሳታሚውም ሽፋኖቹን ከመጣል ይልቅ ትንሹ ፊደል በእጅ፣ በቀለም፣ ትልቅ ሆኖ እንዲታረም አደረገ። በለንደን በሴፕቴምበር 21 ቀን 1937 በ1,500 ቅጂዎች የወጣው የቶልኪን «ሆቢት»ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በሽፋኑ እጥፋት ላይ የሌላ ደራሲ ስም፣ ዶጅሰን የሚለው፣ አንድ ፊደል ተርፎበት ስለ ታተመ ትርፉ ፊደል በብዕር ተሰርዞአል። እነዚያ የብዕር ጭረቶች ዛሬ በአጉሊ መነጽር ይመረመራሉ።

«ሆቢት»ን ያነሣነው ለጭረቱ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ እትም ፍለጋ የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት የሚያፈርሰው ይህ መጽሐፍ ነው። በ1937 ቅጂ ጎለም የተባለው የጨለማ ፍጡር በእንቆቅልሽ ውድድር ቢሸነፍ ቀለበቱን በሽልማት ለመስጠት ይስማማል፤ ሲሸነፍም ቀለበቱ ስለ ጠፋበት ይቅርታ ለምኖ መውጫውን መንገድ ያሳያል። ቶልኪን ከዚህ በኋላ በጻፈው ታላቅ ሥራው ቀለበቱን የክፋት ሁሉ ምንጭ ስላደረገው፣ ይህ ቅን ጎለም የማይሆን ሆነበት። ስለዚህ ምዕራፉን እንደ ገና ጻፈው፤ በ1951 የወጣውም ሁለተኛ እትም አዲሱን ታሪክ ያዘ። ዛሬ «ሆቢት»ን ያነበበ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል ያነበበው የ1951ዱን ታሪክ ነው። ደራሲው በመጀመሪያ ምን አስቦ እንደ ነበር ማወቅ የሚሻ ወደ መጀመሪያው ድርደራ ቅጂዎች መመለስ አለበት፤ የቅጂውን ማንነት የተሳሳተ ሰውም ስለ ደራሲው አሳብ የሚናገረው ሁሉ ይሳሳታል።

ገንዘብ ባለበት ሁሉ ማታለል ይከተላል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚደንቀው የልብ ወለድ ሳይሆን የግጥም መጽሐፍ ጉዳይ ነው፤ ምርመራው ግን ለልብ ወለዱም መንገድ ስለ ከፈተ እዚህ ሊነሣ ይገባል። በእንግሊዝ አገር የኤሊዛቤጥ ባሬት ብራውኒንግ የፍቅር ግጥሞች በ1847 በሬዲንግ ከተማ ለወዳጆች ብቻ በትንሽ ጥራዝ ታትመው ነበር እየተባለ ጥራዙ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ጆን ካርተርና ግራሃም ፖላርድ የተባሉ ሁለት ወጣት የመጽሐፍ ነጋዴዎች የሥነ ጽሑፉን ክርክር ወደ ጎን ትተው ወረቀቱን አስመረመሩ። በእንግሊዝ የኤስፓርቶ ሣር ወረቀት በ1861፣ በኬሚካል የተፈታ የእንጨት ወረቀት ደግሞ ከ1874 በኋላ መሠራት እንደ ጀመረ የታወቀ ነው። የ«1847ቱ» ጥራዝ ወረቀት በአጉሊ መነጽር ሲታይ የኬሚካል እንጨት ተገኘበት። ቀጥሎም የፊደሉን ቅርጽ፣ በተለይ «ኤፍ» እና «ጄ» የሚባሉትን ፊደላት አጣርተው ሲከተሉ፣ ፊደሉ ከ1880 በኋላ የተቀረጸና የሪቻርድ ክሌይ ማተሚያ ቤት መሆኑን ደረሱበት። በ1934 ያሳተሙት የምርመራ መጽሐፍ ከ50 የማያንሱ ጥራዞችን መረመረ፤ ብዙዎቹም ሐሰተኛ መሆናቸውን አስረዳ። የማታለሉን ባለቤት በግልጽ ስሙን ጠርተው «እርሱ ነው» አላሉም፤ ነገር ግን ማስረጃው ሁሉ የዘመኑ ታላቅ ሰብሳቢና የመጽሐፍ ሊቅ ወደ ነበረው ወደ ቶማስ ዋይዝ ያመለክት ነበር። ዋይዝ በ1937 ሞተ። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የእርሱ ምስክርነት ለማናቸውም መጽሐፍ በቂ ማረጋገጫ ሆኖ መኖሩን ማስታወስ ደግ ነው።

ዛሬ የሚያሠጋው ሙሉ መጽሐፍ መፍጠር ሳይሆን እውነተኛ መጽሐፍ ላይ ሐሰተኛ ሽፋን ማልበስ ነው። ያለ ሽፋን በጥቂት ሺሕ ዶላር የተገዛ ቅጂ በቀለም ማባዣ የተሠራ ሽፋን ሲለብስ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። መከላከያው አሁንም የፋብሪካ ዕውቀት ነው። የሥዕሉ ቀለም በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ከሆነ ከታተመ ሥዕል ላይ የተባዛ መሆኑን ያመለክታል። እንዲሁም ከ1950 ገደማ ወዲህ ወረቀትን ነጭ ለማስመሰል የሚጨመረው ኬሚካል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ፣ የ1925 ነው የተባለ ሽፋን እንደዚያ ቢያበራ ምስክር አያሻውም።

ልዩነቶቹን በመፈለግ በኩል ደግሞ የቻርልተን ሂንማን መሣሪያ የሚደነቅ ነው። ሂንማን የሼክስፒርን 1623 እትም ቅጂዎች ለማስተያየት ሲል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መስተዋቶችንና ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶችን ያቀናጀ መኪና ሠራ። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ገጽ ላይ ተከፍተው ይቀመጣሉ፤ በመስተዋቱ ኃይል ሁለቱ ገጾች ተደራርበው እንደ አንድ ይታያሉ፤ መብራቶቹ ሲፈራረቁ አንድ ሆኖ የሚቀረው ሁሉ ጸጥ ሲል የሚለየው ፊደል ብቻ ይርገበገባል። በ1930 ፕሉቶ በሰማይ ላይ የተገኘችው በተመሳሳይ የማፈራረቅ መሠረት በሚሠራ መሣሪያ ነበር። ሂንማን የምርመራውን ውጤት በ1963 አሳተመ። ይኸው መሣሪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለዶችም ላይ ሲውል አሳታሚዎች ሳያስታውቁ በፕሌት ላይ ያደረጓቸውን እርማቶች አጋለጠ።

የሚያስገርመው፣ ቴክኒኩ ይህን ያህል ከተራቀቀ በኋላም ግድፈት ምስክርነቱን አለመተዉ ነው። በጁን 26 ቀን 1997 በለንደን የወጣው የመጀመሪያው የ«ሃሪ ፖተር» መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋን 500 ቅጂ ብቻ ታተመ። የቁጥር መሥመሩ ከ10 እስከ 1 ሙሉ ነው፤ በገጽ 53 ተማሪዎች ሊይዙት በሚገባው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ግን «አንድ በትር» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፎአል፤ በኋላ ሽፋኑም ላይ በርእሱ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሎአል። ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱ በ2021 በአሜሪካ ጨረታ በ471,000 ዶላር ተሸጠ። ብዙዎቹ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተላኩ ስለ ነበሩ በልጆች እጅ ተቀዳደዋል።

በአማርኛ ልብ ወለድ በኩል ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም የተሰጠው በኋላ በታተሙት ቅጂዎች ላይ ነው። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ «ጦቢያ» የሚል የተጻፈበት ቅጂ የቱንም ያህል ቢያረጅ የመጀመሪያው አይደለም። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ መለያው የፊደል ግድፈት አልነበረም። መጽሐፉ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም.ም ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ያመለጡት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ። መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ «ኦሮማይ» እንደ ገና ታትሞ በይፋ ተሸጠ። የ1975 ዓ.ም. ቅጂ ዛሬ በአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ከተገኘ ወይ ከመሰብሰቡ በፊት የተገዛ ነው፣ ወይ ሲሰበሰብ የተደበቀ ነው።